የተውሶ ህልም

የታሰርኩት ባየሁት ህልም ምክንያት ነው። ቀልድ አይደለም። ከአንድ ጓደኛዬ ጋር በምናዘጋጃት ትንሽ መጽሔት ላይ አንድ አጭር ልብ ወለድ አወጣሁ፤ በሬ ፀጉር ቤት ገብቶ፣ ወረፋውን ጠብቆ፣ ፎጣ አንገቱ ላይ ተደርጎለት ሲላጭ። ህልሜን እንዳለ ነበር የገለበጥኩት። መጽሔቷ በወጣች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሁለት ሰዎች መሥሪያ ቤቴ ድረስ መጥተው "ለአንድ አፍታ ነው፣ ትመለሳለህ" አሉኝ። መኪናው ውስጥ ከፊት የተቀመጠው ወደ ኋላ ዞረና "በሬው ማነው?" ሲል ጠየቀኝ።

"በሬ ነው" አልኩት።

ሳቀ። አሳሳቁን አልወደድኩትም።

ክፍሉን ከማየቴ በፊት ሽታው ደረሰኝ፤ የረጠበ ብርድ ልብስ፣ የቆየ ሽንትና የብርቱካን ልጣጭ። ብርቱካኑን ይልጡ የነበሩት አንድ ሽማግሌ እህል ነጋዴ ናቸው። የሚፈለገው ልጃቸው ነበር፤ ሲታጣ እሳቸው ተያዙ። ከቤታቸው የሚላክላቸውን ብርቱካን ብርድ ልብስ ውስጥ ሆነው ብቻቸውን ይበሉ ነበር። ያንኮራፋሉ። ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ከእሳቸው በላይ የናቅኩት ሰው አልነበረም።

ጠዋት ጠዋት ዳቦና ሻይ ከመምጣቱ በፊት የክፍሉ ሰው ሁሉ ህልሙን ለሽማግሌው ይነግራል። ህልም እንደ ፈቺው ነው ይባላል፤ ክፉ ለሚመኝልህ ሰው ህልምህን አትነግርም። ስለዚህ ደግ ፈቺ ያስፈልጋል። ሽማግሌው ግን ሳይሰሙ ነበር የሚፈቱት። አንዱ "አባባ፣ ህልም አይቼ..." ከማለቱ፣ "ደግ ነው!" ይላሉ። ገደል የገባውም ደግ ነው፣ እባብ የነደፈውም ደግ ነው። ከዚያ በኋላ ነው የሚያዳምጡት፤ ያውም እያዛጉ። እኔ የተማርኩ ነኝ ባይ፣ ጥጌን ይዤ በሆዴ እስቅባቸው ነበር።

መርማሪዬ ከረቫት የሚያደርግ ወጣት ነው። በማታው ክፍለ ጊዜ የሥነ ልቦና ትምህርት ቀምሷል፤ በቅምሻው ሰክሯል። አልመታኝም። ዱላ የያዘውን ሰው ከክፍሉ አስወጣና ነጭ ወረቀትና እስክርቢቶ ፊቴ አስቀመጠ።

"እኔ መምታት አልወድም" አለኝ። "አንተ ደራሲ ነህ፤ ጻፍ። እጅህን ከወረቀቱ አታንሳ። አታስብ። ሰው የሚደብቀውን ነገር ድብቁ አእምሮው ራሱ አውጥቶ ያስረክባል።"

የፈለገው ጓደኛዬን ነበር። የመጽሔቷን ርዕሰ አንቀጽ የሚጽፈው እሱ ነው፤ እኔ በተያዝኩ ዕለት ተሰወረ። የት እንዳለ አውቅ ነበር። ከተማው ዳር፣ አክስቱ ቤት፣ ጓሮው ውስጥ ትልቅ የዘይቱን ዛፍ ያለበት ግቢ። እሱ ቢያዝ ነገሩ እንደኔ በወረቀትና በእስክርቢቶ አያልቅም።

ጻፍኩ። በንቀት ነው የጻፍኩት። ይሄ ልጅ ከመማሪያ መጽሐፍ የሸመደደውን እኔ ላይ ሊሞክር ነው፣ እስኪ እናያለን አልኩ። ስለ ዝናብ፣ ስለ ጫማ፣ ስለ ትምህርት ቤታችን ደወል፣ የመጣልኝን ሁሉ፣ እጄን ሳላነሳ። ገጹ አልቆ ወደ ላይ ተመልሼ ሳነብ ግን መሀሉ ላይ እንዲህ ይላል፤ "ዝናቡ ዘይቱኑ ሥር አይገባም፣ አክስት ሻይ ይዛ ትመጣለች"። ጽሕፈቱ የኔ ነው። መቼ እንደጻፍኩት አላውቅም።

መርማሪው ወረቀቱን ወሰደና "ዘይቱን" የሚለውን አሰመረበት።

"የማን ዘይቱን ነው?"

"የልጅነቴ።"

"አክስትስ?"

"ሁሉም ሰው አክስት አለው።"

ከረቫቱን አስተካከለ። ደስ ብሎታል። "ነገ ከዘይቱኑ እንቀጥላለን" አለኝ።

ያን ያህል የናቅኩት ሰው ትክክል ነበር። ከሁሉም በላይ ያቃጠለኝ ይሄ ነው። አእምሮዬ ውስጥ እኔ የማላዘው አንድ ሰው ተቀምጧል፤ ያ ሰው ደግሞ ለወረቀት ልቡ ይከፈታል። በሬውን የሰጠኝ እሱ ነው። አሁን ጓደኛዬን ሊሰጥ ነው። ነገ "አልጽፍም" ብል ዱላ የያዘው ሰውዬ ይመለሳል፤ ብጽፍ አክስቲቱ የምትኖርበት ሰፈር ስም ሊወጣ ይችላል።

በማግስቱ ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ ከጥጌ ተነስቼ ሽማግሌው ዘንድ ሄድኩ።

"አባባ..."

"ደግ ነው!"

"ህልም አይደለም።"

"ቢሆንም ደግ ነው። ምንድነው?"

ዘይቱኑን አላነሳሁላቸውም። እጄ ያላዘዝኩትን ይጽፋል፣ ስጽፍ ምን እንደሚወጣ አላውቅም፣ ይኸው ብቻ ነው ያልኳቸው። እሳቸውም ምን እንደሚወጣ አልጠየቁኝም። ብርቱካናቸውን ልጠው ጨረሱ።

"የራስህን ለምን ትሰጠዋለህ?" አሉ። "የኛን ውሰድለት። እኔ ዛሬ በቅሎ አይቻለሁ።"

ከዚያም ነገሩኝ። እህል የተጫነች በቅሎ ሰርግ ቤት ገብታ የሙሽሪት ወንበር ላይ ቁጭ አለች። የሚያስነሳት ጠፋ። አስተናጋጆቹ አፍረው ምግብ አቀረቡላት፣ ሽማግሌዎቹም ተነስተው መረቋት። ሽማግሌው ሲጨርሱ ከጎናቸው የነበረ ገበሬ "የኔንም ጨምርለት" አለ። የሱ ህልም አንድ ሙሉ የአትክልት ቦታ ነበር። ኮክ አለ፣ ሎሚ አለ፣ ትርንጎ አለ፣ ዘይቱን አለ፣ ሁሉም በአንድ ቀን አፍርቶ ለቃሚ አጥቷል። የታክሲ ረዳቱ ደግሞ ሰዎች መጨረሻ ደርሰው አንወርድም ሲሉት ነበር ያደረው። እየደጋገምኩ በቃሌ ያዝኳቸው።

ያን ቀን መርማሪዬ "ዘይቱን" ብሎ ጀመረ። እኔም እጄን ሳላነሳ፣ ሳላስብ፣ ጥርት አድርጌ የገበሬውን የአትክልት ቦታ ጻፍኩለት። ዘይቱኑን ከትርንጎውና ከሎሚው ጋር ደበላለቅኩት። አንብቦ ዘይቱኑን አሰመረ። ቀጥሎ ሎሚውን አሰመረ። ከዚያ ኮኩንም። ገጹ በመስመር ሲሞላበት እስክርቢቶውን አስቀመጠ። "የመራባት ፍላጎት ነው" አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ከዚያ በኋላ ዘይቱንን አላነሳብኝም።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ የሰው ህልም ይዤለት ሄድኩ። በደንብ ያጠና ነበር፣ ይህን አልነፍገውም። ሴት ልጆቻቸውን መዳር የሚያስጨንቃቸውን የሽማግሌውን ሌላ ህልም አንብቦ "ሴት ልጆችህ ያሳስቡሃል" አለኝ፤ እኔ አላገባሁም። ፋይሌ እጁ ሥር ነበር። ፋይል ገልጦ ማየት ለእንዲህ ያለ እውቀት ሳያንስበት አልቀረም። ስለ በቅሎዋ የሰጠኝን ትንታኔማ መቼም አልረሳውም። ብዙ አሰበ፣ መነጽሩን አወለቀ፣ ወደኔ ጠጋ አለና "በቅሎዋ እናትህ ናት" አለኝ። እናቴ ይህን ብትሰማ ጉድ ይፈላ ነበር።

አንድ ቀን ስገባ ወረቀቱን አልሰጠኝም። በር ላይ የቆመውን ጠባቂ ሻይ አምጣ ብሎ ላከው። ከረቫት አላደረገም።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ" አለ። "ጥርሴ ሲረግፍ አየሁ። የላይኞቹ። እናቴ ደግሞ ታማለች።"

ጥርስ ሲረግፍ ማየት ምን እንደሚባል እኛ አገር የማያውቅ ሰው የለም። እሱም ያውቃል። ያ ሁሉ የሥነ ልቦና ትምህርት የት እንደገባ እንጃ፤ ደግ ፈቺ ፍለጋ እስረኛው ፊት ቁጭ ብሏል። አንድ ቃል ይበቃኝ ነበር። ክፉ ልፈታበት እችላለሁ፤ እስኪሞት ይከተለዋል። አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

ወረቀቱንና እስክርቢቶውን ከጠረጴዛው ጥግ አነሳሁና ወደሱ ገፋሁለት።

"ይጻፉት" አልኩት። "እጅዎን አያንሱ። አያስቡ።"

አልነካውም። ጠባቂው ሻዩን ይዞ ሲገባ ጊዜ "ውሰደው" አለው፤ ሻዩን ይሁን እኔን አልገባውምና ሁለታችንንም ወሰደን። ሽማግሌው ይህን ስነግራቸው ተቆጡኝ። "ደግ ነው ብትል ምን ይጎድልብሃል?" አሉ። ክፉ አልፈታሁበትም፣ ደግም አልፈታሁለትም። እስከ ዛሬ አልቆጨኝም።

ጓደኛዬ በሞያሌ በኩል ወጣ። እኔን ከወራት በኋላ ያለ ክስ ለቀቁኝ።

አሁን ሁለታችንም አሜሪካ አገር፣ አሌክሳንድሪያ ነን፤ እሱ ከኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ይኖራል። ወፍሯል፣ ስለ ጉልበቱ ያማርራል። ከመጣን ወዲህ እኔ አንድ መስመር አልጻፍኩም ነበር። ይሄ አናዶት ባለፈው መከር ደወለልኝ።

"ስማ፣ ሪጂስተር አድርጌሃለሁ። ሲልቨር ስፕሪንግ የራይቲንግ ወርክሾፕ አለ፣ በአማርኛ። ሳተርደይ ኦፍ ነህ አይደል?"

"ማን ጠየቀህ?"

"ፓርኪንግ ውስጥ ቲኬት ስትቀበል ልታረጅ ነው? ካንስል አይደረግም፣ ሂድ።"

ባቡር ቀይሬ ሄድኩ። ከአንድ ምግብ ቤት ፎቅ ላይ ያለ አዳራሽ ነው፤ የጥብስ ሽታ በደረጃው ይወጣል። አስተማሪው በሙቀት ሻርፕ የጠመጠመ ሰው ነው። ገና ስንቀመጥ "ጥበብ ውስጥ አንቱ የለም" ብሎ አወጀና የእናቱን ታላቅ የምታህለውን ሴት ሳይቀር አንቺ ይል ጀመር። ከጎኔ የተቀመጡት እኚህ ሴት አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ይሠራሉ፤ ከሺፍት በቀጥታ ከነዩኒፎርማቸው መጥተዋል።

አስተማሪው ወረቀት አደለ። "እጃችሁን ከወረቀቱ አታንሱ" አለ። "አታስቡ። ሰብኮንሸሳችሁ ይጻፍላችሁ።"

እስክርቢቶዬን አስቀመጥኩ። ሰውዬው መርማሪ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ በሩ ክፍት ነው፣ ጥግ ላይ ሳምቡሳ አለ። እጄ ግን አልታዘዝ አለኝ። ሴትዮዋ ፈጥነው ይጽፉ ነበር። ድንገት ቆሙ፣ የጻፉትን አነበቡ፣ መዳፋቸውን ወረቀቱ ላይ አሳረፉበት።

አስተማሪው አየ። "አንቺ ጀምሪልን። ሼር አድርጊልን።"

"ይቅርብኝ።"

"ኖ፣ ኖ። ማንም ጀጅ አያደርግሽም። ሪዚስት የምታደርጊው ነገር ውስጥ ነው ትሩዝሽ ያለው።"

"ልጄ፣ ይቅርብኝ ብያለሁ።"

"አንድ መስመር ብቻ።" አጠገባቸው መጥቶ ቆመ። መዳፋቸው እየጠበቀ ሄደ። ያንን እጅ አውቀዋለሁ።

"እኔ ላንብብ" አልኩ።

ባዶውን ወረቀቴን ቀና አድርጌ ይዤ በቅሎዋን አነበብኩለት። እህሉን፣ የሙሽሪትን ወንበር፣ ያፈሩትን አስተናጋጆች፣ የሽማግሌዎቹን ምርቃት። አዳራሹ ሳቀ። አስተማሪው ደረቱን ያዘ።

"ዋው። ይሄ ከዲፕ ነው የመጣው። በቅሎዋ ማን እንደሆነች ታውቃለህ?"

"ማን ናት?"

"እናትህ ናት።"

"ገምቼ ነበር" አልኩት። ሴትዮዋ በዚህ መሀል ወረቀታቸውን አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተዋል።

ስንወጣ አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ አብረን ሄድን። "በቀደም ያየሁት ህልም ነበር የጻፍኩት" አሉኝ። "ለማንም አልነገርኩትም።"

"ደግ ነው" አልኩ።

"ሳይሰሙት?"

"ሳልሰማው።"

ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ግሪንቤልት የሚሄደው አውቶቡስ ሲመጣ ተሳፈሩ።

ወርክሾፑ ተመልሼ አልሄድኩም፤ ጓደኛዬ አሁንም ይወቅሰኛል። ድብቅ አእምሮ የሚባል ነገር የለም ብዬ አይደለም። አለ፤ በገዛ እጄ ሲጽፍ አይቼዋለሁ። ግን ጓዳ ነው፤ ጓዳ ደግሞ ባለቤቱ ካልጠራው ሰው አይገባበትም። ይህን ታሪክ ቅዳሜ ዕለት በሬን ዘግቼ ጻፍኩት። ዘይቱኑን ከዚያ ቀን ወዲህ በጽሑፍ ሳነሳው ይሄ የመጀመሪያዬ ነው። እያሰብኩ ነው የጻፍኩት፤ እጄንም ደጋግሜ አንስቻለሁ።