የሼፉ ቀማሾች

ሼፉ በበዓል ቀን ወጥ ቤታቸው ሰው አያስገቡም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሆቴል ሲያበስሉ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ሚስታቸው እንኳ ውሃ ልትቀዳ ብቅ ስትል «እግር አታብዢብኝ!» ነው የሚሏት። እናም ዘንድሮ ለልጃቸው ደውለው «ልጆቹን በጠዋት አምጪልኝ፣ አብረን እናበስላለን» ሲሏት፣ ልጅቷ ስልኩን ከጆሮዋ አንስታ የደወለው ማን እንደሆነ አየች።

«አባዬ፣ ደህና ነህ?»

ደህናስ አልነበሩም። ከአራት ወር በፊት አንድ ብርቱ ጉንፋን አልጋ ላይ ጥሏቸው ሰነበተና ሲለቃቸው ጣዕምና ሽታን ይዞባቸው ሄደ። ጨውም ሎሚም አንድ ሆነባቸው። ለማንም ትንፍሽ አላሉም። ሆቴል ውስጥ ረዳቶቻቸውን «ቅመሱና የጎደለውን ንገሩኝ፤ ፈተና ነው» እያሉ ያልፋሉ፤ እነዚያም የዋሆች ሼፉ ዘንድሮ ማስተማር ጀመሩ ብለው ይደነቃሉ። ቤት ግን ሚስት አለች። እሷ ያወቀች ቀን ነገሩ አለቀ፤ በማግስቱ «በቃ፣ ጡረታህን ጠይቅ» ማለቷ አይቀርም። ያለ ምድጃ ምን ሆነው ሊኖሩ ነው? ይህን ሲያስቡ እንቅልፍ አጡ። የበዓሉን ምግብ የሚቀምስላቸው፣ ደግሞም ምንም የማይጠረጥር ምላስ ያስፈልጋቸው ነበር።

ልጆቹ መጡ። ትልቋ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ትንሹ አራት ሊሞላው ነው። ሼፉ የራሳቸውን ሽርጦች እጥፍ እጥፍ አድርገው አሰሩላቸውና ለያንዳንዳቸው የሻይ ማንኪያ ሰጧቸው። ትልቋ አተር ስትፈለፍል፣ ትንሹ ድንች አጥባለሁ ብሎ ከድንቹ ይልቅ ራሱን አጠበ።

«ሾርባው እንዴት ነው?»

ትልቋ ዓይኗን ጨፍና ቀመሰች። «ጨው ያንሰዋል።»

«አንተስ?»

«ይጣፍጣል!» አለ ትንሹ። ለእሱ የማይጣፍጥ ነገር የለም፤ ጥሬ ሊጥም ይጣፍጠዋል።

ሼፉ በትልቋ ምላስ መሄዱን መረጡ። ጨመሩ፣ አስቀመሱ፣ ደግሞ ጨመሩ። ለሥጋው «ትንሽ ሎሚ» ያለችው ማንም ሳይነግራት ነው፤ ሼፉ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ቀኑባት። ሽንኩርቱ ሊያር ሲልም ቀድማ የጮኸችው እሷ ናት።

«አባባ፣ አይሸትህም እንዴ?»

«አፍንጫዬ ተደፍኖ ነው» አሉ ፈጠን ብለው።

የቀረው በወተት የተቀቀለው ሩዝ ነበር። ትንሹ «ይሄን እኔ ብቻዬን!» ብሎ እግሩን መሬት ላይ መታ። ሼፉም ሰዓቱ ሮጦባቸው ስለነበር ድስቱን ከእሳት አውርደው «እሺ ጌታዬ፣ ስኳሩ ያንተ ነው» አሉትና ወደ ሥጋቸው ዞሩ። ጨውና ስኳሩ ያሉት አንድ ዓይነት ቆርቆሮ ውስጥ ነው፤ ላያቸው ላይ በትልቁ ተጽፏል። ግን ትንሹ ማንበብ የት ያውቅና! የቀረበውን ሳበ። ሦስት ማንኪያ ሙሉ ጨው ጨምሮ አማሰለ። ትልቋ ሳህን ልትደረድር ወጥታለች።

«እንዴት ነው?» አሉት ሼፉ ሳይዞሩ።

«ይጣፍጣል!» አለ፣ ማንኪያውን አፉ ሳያደርስ።

ምሳ ቀረበ፤ ልጃቸውም ደርሳለች። ሾርባው ተጠጥቶ አለቀ፣ ሥጋው ተወደሰ። «አንተ ሰውዬ፣ ዘንድሮስ ከራስህም በለጥህ!» አለች ሚስታቸው። ሼፉ እፎይ አሉ። ከዚያ ትንሹ አንድ ጎድጓዳ ሳህን በሁለት እጁ ተሸክሞ መጣ።

«አባባ መጀመሪያ!»

አጠገባቸው ቆሞ አፍ አፋቸውን ያያል። ሼፉ ጎረሱ። «እጅ ያስቆረጥማል!» አሉ። ሳህኑ ንጹሕ እስኪሆን በሉት፤ ትንሹ እየዘለለ ለሌሎቹም አደለ።

ሚስታቸው አንድ ማንኪያ ቀምሳ ደርቃ ቀረች። ልጃቸውም ቀመሰች፤ ቀና ብላ የአባቷን ባዶ ሳህን አየች። ዓይኗ እንባ ሞላ።

«አባዬ፣ የስምንት ዓመት ልጅ እያለሁ ሾርባ ሠርቼልህ ጨው በዝቶበት ነበር። አንድ ማንኪያ ቀምሰህ ደፋኸው። እስከ ዛሬ ለሰው ምግብ ሳቀርብ ሦስት ጊዜ ሳልቀምስ አላወጣም። የኔን ልጅ ግን፣ ቅር እንዳይለው ብለህ ይሄን ሁሉ ጨው...» ተነስታ ትከሻቸውን አቅፋ ሳመቻቸው።

ሼፉ የሆነው ነገር ያን ጊዜ ገባቸው። ዝም ቢሉ ይወጡት ነበር። ምስጢራቸውም ይተርፋል፣ የድሮውም ይቅር ይባላል። ግን ልጃቸው እያለቀሰች ነው፤ ለዚያውም ላላደረጉት ደግነት።

«ጨው መሆኑን አላወቅሁም» አሉ። «ከጉንፋኑ ወዲህ ምላሴ ምንም አይለይም። ልጆቹንም የጠራሁት እንዲቀምሱልኝ ነው።»

«አራት ወር ሙሉ?» አለች ሚስታቸው።

ልጃቸው እጇን ከትከሻቸው አላነሳችም። «ምንም ካልጣመህ ታዲያ ለምን ጨረስከው?» አለች።

ሼፉ አሰቡ። እነዚያን አራት ወራት መብላት ወረቀት ማኘክ ሆኖባቸው፣ የቀረበላቸውን ጨርሰው አያውቁም ነበር።

«ልጅሽ ቆሞ ያየኝ ነበር» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አንቺም ያን ቀን ቆመሽ ታዪኝ ነበር» አሏት።