ያልተቆጠሩት ሦስት ጥሪዎች

የአንድ ሰው ሕይወት ተደምሮ ስንት ይወጣል? ዩኒቨርሲቲ ሳለን ይህን ጥያቄ በትልልቅ ቃላት እንመልሰው ነበር። ዛሬ፣ ጥርሴም ትዕግሥቴም ካለቀ በኋላ፣ ጥያቄው ሲነሣ ፊቴ የምትደቀነው የወንድሜ ሚስት ናት። መልሱን ስለያዘች አይደለም፤ ጥያቄውን ከእኔ ይልቅ ስለኖረችው ነው።

ባልደረቦቿ ልኬ ይሏት ነበር። የማትለካው ነገር የለምና። ሊፍቱ ሦስተኛ ፎቅ እስኪደርስ ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅ፣ ውሃው በስንት ደቂቃ እንደሚፈላ፣ እኔ አንድ ቀልድ ጀምሬ እስክጨርስ ስንት ሰው እንደሚያዛጋ ታውቃለች። የምትሠራው የአምቡላንስ መጥሪያ መተግበሪያ ባለው ድርጅት ነው። የታመመ ሰው ስልኩ ላይ ያለውን ቁልፍ ሲጫን ጥሪው ሰርቨሩ ዘንድ ይደርሳል፤ ሰርቨሩም የቅርቡን መኪና ፈልጎ ይመልስለታል። ይህ ምላሽ ስንት ሰከንድ እንደፈጀ የሚያሳየውን ግራፍ ስትጠብቅ አሥራ አንድ ዓመት ተቀምጣለች። መስመሩ ዝቅ ካለ ሰላም ነው፤ ሽቅብ ከወጣ ደወል ይጮኻል።

ታናሽ ወንድሜ ልብስ ሰፊ ነበር፤ እቤቱ፣ መስኮቱ ሥር የሚሠራ። “እኔ በሜትር፣ እሷ በሰከንድ፤ ለክተን እንበላለን” ይል ነበር። ልጅ አልወለዱም። ልቡን ማመም ሲጀምረው መተግበሪያውን ስልኩ ላይ የጫነችለት እሷ ናት።

“ይሄን ስጫን አንቺ ትመጫለሽ?” አላት፣ እኔ ባለሁበት።

“መኪናው ነው የሚመጣው። እኔ ምን ልሠራልህ እመጣለሁ?”

“እንግዲያው አልጫንም” ብሎ ሳቀ።

ከዚያ በፊት የሆነ አንድ ነገር አለ። ደወሉ በቀን ሃያ ጊዜ እየጮኸ ሠራተኛውን አሰልችቶት ነበር። አብዛኛው የሐሰት ነው፤ ስልኩ ኪስ ውስጥ የተነካበት፣ ኔትወርክ የጠፋበት ሰው ጥሪ መሐል ላይ ይቋረጥና የምላሹን አማካይ ጊዜ ሽቅብ ይጎትተዋል። መላውን ያመጣችው ልኬ ናት፦ የተቋረጡ ጥሪዎች ከስሌቱ ይውጡ። ደወሉ ጸጥ አለ። ሥራ አስኪያጁ በሰው ፊት አመሰገናት፤ ወንድሜም የተሰጣትን ምስክር ወረቀት ግድግዳ ላይ ሰቀለላት። ሰርቨሩ ራሱ አቅቶት መልስ የነፈጋቸው ጥሪዎችም “የተቋረጡ” ተብለው አብረው እንደሚወጡ ያን ጊዜ ማንም ልብ አላለም። የወደቁትን ተማሪዎች ከመዝገብ ፍቆ “ክፍሌ ጎበዝ ነው” የሚል መምህር አስቡ። የወደቀው በበዛ ቁጥር ክፍሉ ይበልጥ ያምርበታል።

ወንድሜ የሞተው ማክሰኞ ጠዋት፣ አራት ሰዓት ጥቂት እንዳለፈ ነው። በዚያች ሰዓት ልኬ ከግራፉ ፊት ነበረች። መስመሩ ዝቅ ብሎ ተኝቷል። “ዛሬስ ሰላም ነው” ብላ ሻይዋን ቀድታ ሳትጨርስ ጎረቤቷ ደወለችላት። ከስፌት መኪናው ሥር ወድቆ፣ ስልኩ እጁ ላይ ነበር።

ከሐዘን ወደ ሥራ ስትመለስ ቢሮው አዲስ ነገር አምጥቶ ጠበቃት። ሰው እንደሚያወራው እየጻፉ ሲጠይቁት መረጃውን ሁሉ ራሱ አገላብጦ የሚመልስ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያ ነው። ሠራተኛው “አዋቂው” ብሎታል።

“ጠይቂው እንጂ” አለቻት አጠገቧ የምትቀመጠው ተረበኛ። “እጅ መንሻ አይፈልግ፣ አይቆጣ። ከአለቃችን በምን ያንሳል?”

ልኬ ጻፈች፦ በዚያ ማክሰኞ ከአራት እስከ አምስት ሰዓት አገልግሎቱ እንዴት ነበር?

“ከወሩ የተሻለው ሰዓት ነበር፤ አማካይ ምላሹ ከአንድ ሰከንድ በታች ነው” አላት።

ቀጥላ ጻፈች፦ መልስ ሳያገኙ የቀሩትን ጨምረህ ቁጠርልኝ።

አርባ ሦስት ጥሪዎች ወጡ። ሰርቨሩ ለሃያ ደቂቃ ያህል ተጨናንቆ፣ ጥቂት ዕድለኞችን ቶሎ ሲያስተናግድ ሌሎቹን እንዳስጠበቀ ቀረ። ከአርባ ሦስቱ ሦስቱ ከአንድ ስልክ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ሠላሳ ሰከንድ ጠብቀው የተቆረጡ። ስልኩን ታውቀዋለች።

የዚያን ዕለት ከሥራ በቀጥታ እኔ ዘንድ መጣች። ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም።

“ጋሼ፣ እነዚህ ጥሪዎች ከስሌቱ የወጡት በማን ትእዛዝ ነው ብዬ ጠየቅሁት” አለችኝ። “ስሜን ከነቀኑ ነገረኝ።”

እኔም የተማረ ሰው የሚለውን አልኩ። ደወሉ ቢጮኽም ላይተርፍ ይችል ነበር፤ ሐኪሙም እርግጠኛ አይደለም አልኳት።

“እሱን አልጠየቅሁም” አለች። “ሦስቴ ጠርቷል። እኔ ሰላም ነው ብያለሁ።”

በማግስቱ ደንቡን በገዛ እጇ አነሣችው። ግራፉ ተንጨባረረ፤ ደወሉም ወደ ጩኸቱ ተመለሰ። ሥራ አስኪያጁ ፊቱን አጠቆረባት እንጂ አልከለከላትም፤ የሚያስተባብልበት አልነበረውም። ይህን ያህሉ ተሳካላት። የከበዳት የቀረው ነው። ሰርቨሩ የየጥሪውን ዝርዝር የሚያቆየው ለሠላሳ ቀን ብቻ ነው፤ ከዚያ ቦታ ለማስለቀቅ ራሱ ይሰርዘዋል፤ የሚተርፈው አማካዩ ነው። የወሩ ሪፖርት ደግሞ በአሮጌው ስሌት ተዘግቷል። በዚያ ማክሰኞ፣ በድርጅቱ ዘንድ፣ ማንም መልስ አላጣም።

ሠላሳው ሊሞላ ስምንት ቀን ሲቀረው ማመልከቻ ይዛ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገባች።

“እህቴ፣ የአንድ ሰው ጉዳይ ነው” አላት። “ዛሬ ለአንቺ ብናደርግ ነገ ሌላውም ይጠይቃል።”

“ይጠይቃ።”

“እሺ፣ እናየዋለን።”

የመረጃ ክፍሉም እሺ አለ። የሕግ ክፍሉም እሺ አለ። እሺ ይበልጣል ከሺህ ያለ ሰው ቢሮ ደጅ ጠንቶ አያውቅም።

“ወረቀት ላይ ገልብጠሽ አስቀምጪው” አልኳት እኔ ደግሞ፣ ብልህ የሆንኩ መስሎኝ።

“እኔ የጻፍኩት የኔ ልቅሶ ነው፣ ጋሼ። እነሱ ዘንድ መኖር አለበት።”

ሠላሳ አንደኛው ቀን ጠዋት አዋቂውን ጠየቀችው። “በዚያ ቀን የተመዘገበ ዝርዝር ጥሪ የለም” ሲል መለሰላት። ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ያህል ሠርታ፣ ባለፈው ክረምት እሷም አረፈች። የማመልከቻዋ ቅጂ እኔ ዘንድ አለ። ቁጥርና ማኅተም ተደርጎበታል፤ መልስ ግን አልተጻፈበትም። ጽሑፉ ሁለት መስመር ነው፦ “ማክሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከአሥር፣ ከአሥራ አንድና ከአሥራ ሦስት ደቂቃ ላይ የገቡት ሦስት ጥሪዎች እንዳይሰረዙ በትሕትና እጠይቃለሁ። ሌላ የምጠይቀው የለኝም።”