ጸጉሬ ሞልቶ የነበረ ጊዜ

ጸጉሬን እነጫለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ እነጫለሁ፤ ይኸው አርጅቼም የቀረችኝን ሽበት እነጫለሁ። ይህን ቀድሜ የምናገረው ሌላው ነገር ሁሉ ከዚህ ስለሚመጣ ነው። ፊደል የቆጠርኩት በደርግ ጊዜ፣ በመሠረተ ትምህርት፣ ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው። አጻጻፌ ቢንጋደድ ያነበበ ይታገሰኝ። ያልታገሰም ይተወው።

እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ። እጄ ሳላዘው ይነሳል። ጣቴ ጭንቅላቴ ላይ ይዞራል፣ ይዳብሳል፣ ከሌላው ወፈር ሻከር ያለችውን አንዲት ጸጉር ይፈልጋል። ሲያገኛት ይይዛታል። ስትነቀል ትንሽ ቆንጠጥ ታደርገኛለች፣ ከዚያ ውስጤ የሚጮኸው ነገር ሁሉ ጸጥ ይላል። ጸጥታው አይቆይም። እጄ እንደገና ይነሳል። ሥሯ ነጭ ሆና የወጣች እንደሆነ ከንፈሬን አስነካታለሁ። ይህን ለሰው ተናግሬ አላውቅም፤ አሁን ግን በዚህ ዕድሜዬ ማን ምን ያደርገኛል?

ሌላም ነገር አለብኝ። ሰው ዓይን ዓይኔን ሲያየኝ ይወጋኛል። ጫጫታ አልችልም፤ የወፍጮ ድምፅ ሲመጣ ጆሮዬን ይዤ መንገድ እቀይራለሁ። ዕቃ ከቦታው ከተነሳብኝ ያ ቀን አለቀለት። የተነገረኝን ነገር እንደተነገረኝ ነው የምይዘው። ሰው «ና እንጂ ቤት» ብሎኝ ስሄድ ሲደነግጥ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ጎሮ የተዳረችው የእህቴ ሴት ልጅ የወለደቻት ነርስ አለች። በቅርቡ መጥታ ከእኔ ጋር ስትውል ስታየኝ ቆየችና፣ «አባባ፣ ይሄ ነገርዎ እኮ ስም አለው» አለችኝ። ኦቲዝም ይባላል አለች። ጸጉር መንጨቱም ለብቻው ስም አለው፣ ብዙ ሰው ላይ አለ፣ እርስዎ ብቻ አይደሉም አለችኝ። ልታጽናናኝ ብላ ነው። እኔ ግን እራት አልበላ አለኝ። ይሄ ሁሉ ሰው ያኔ የት ነበር?

በእኛ ጊዜ ስሙ ላሽ ነበር። ጭንቅላቴ ላይ እዚህም እዚያም ሳንቲም ሳንቲም የሚያህል ባዶ ቦታ ስለነበረ ያየኝ ሁሉ ላሽ ነው ይላል። ነጭ ሽንኩርት አሹልኝ። ጎባ አንድ ድሬሰር ነበር፣ ወይን ጠጅ የመሰለ ነገር ቀብቶኝ ከተማው ሁሉ ሲስቅብኝ ከረመ። ጠበልም ወሰዱኝ፤ ውሃው ቀዝቃዛ መሆኑን ነው የማስታውሰው። ተላጨሁ። ስላጭ ቅንድቤን ጀመርኩ። ቆብ አደረጉልኝ፤ እጄ ከቆቡ ሥር ገባ። «ተው» ያላለኝ ሰው የለም። ተው ሲሉኝ የማቆም ቢሆን ኖሮ ገና ልጅ ሳለሁ ባቆምኩ ነበር።

እናትና አባታችን ሲሞቱ ታላቅ እህቴ ጋ ገባሁ። ቤታቸው ጎባ ነበር፤ ባሏ የመንግሥት እርሻ ትራክተር ነጂ ነው። እትዬ ነው የምላት። ዘራችን ከመንዝ የመጣ ነው፤ አያቶቻችን ባሌ ሲሰፍሩ የበግ ጸጉር ሥራውን ይዘው ነው የመጡት። እትዬም ከገጠር ሰዎች የተሸለተ የበግ ጸጉር ገዝታ፣ አጥባ፣ ፈትላ፣ ባና ታሠራ ነበር። ባና ማለት ከበግ ጸጉር የሚሠራ ወፍራም የብርድ ልብስ ነው። የጎባን ብርድ ያየ ያውቀዋል።

አንድ ቀን ደጃፍ ተቀምጬ ስነጭ አየችኝ። እንደሌላው አልተቆጣችም። የታጠበ ጸጉር የሞላበት ቅርጫት አምጥታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችና፣

«ና እስቲ ይሄን አባዝተህ ስጠኝ» አለችኝ። «መንጨትህ ካልቀረ፣ የበጉን ንጭ።»

ማባዘት ማለት የተቋጠረውን ጸጉር በጣት እየፈቱ፣ ጭዱንና እሾሁን እየለቀሙ፣ እንደ ደመና እስኪሆን ማሳሳት ነው። ጣቴ ገባበት። ዳበሰ፣ እሾህ አገኘ፣ ነቀለ። ጸጥ አለልኝ። እንደ ራሴ ጸጉር አይሆንም፤ አልዋሽም። ግን ይጠጋዋል። ከዚያ ወዲያ ያ ቅርጫት ከጎኔ ተለይቶ አያውቅም። ዳንኩ አላልኩም። ከማባዘቱ ስነሳ እጄ ወደ ላይ ይሄዳል። ብቻ ከበፊቱ አነሰ።

እህቴ ከሴቷ ሌላ ወንድ ልጅ ነበራት፣ አንድ። ሲወለድ እኔ ትልቅ ልጅ ነበርኩ። ሲያድግ ሰፈሩ ውስጥ ኦሮምኛ ከአማርኛ ቀላቅሎ የሚያወራ፣ ቀልደኛ፣ ረጅም ጎረምሳ ወጣው። እኔን ኤሱማ ይለኛል፣ የእናት ወንድም ማለት ነው። ማታ ሲገባ፣

«ኤሱማ፣ ዛሬ የማንን በግ ሸለትክ? የራስህን ወይስ የእናቴን?» ይለኛል። ትከሻዬ ላይ የወደቀውን ጸጉር በጣቱ ለቅሞ፣ «ይሄ አይጣልም፣ ሰብስበን ጋቢ እናሠራዋለን» ይላል።

ሌላ ሰው ቢለኝ ያመኝ ነበር። እሱ ሲለው ግን እስቅ ነበር። ጸጉሬን ሳይጸየፍ የነካው ሰው ከእትዬ ሌላ እሱ ነው። የቀበሌ ስብሰባ ሲጠሩን ከጎኔ ይቀመጣል። መፈክሩና ጭብጨባው ሲጀምር ጆሮዬን ይዤ እንደማቀረቅር ያውቃል፤ «ሆዱን አሞታል» ብሎ ይዞኝ ይወጣል። ውጭ ባሕር ዛፉ ሥር ቆመን እስኪያልቅ እንጠብቃለን። አያወራኝም። ዝም ማለት ይችልበት ነበር፣ ያ ቀልደኛ።

የገበያ ቀን ሮቤ ሄዶ በዚያው ታፈሰ። ያኔ ወጣት እንዲያ ነበር የሚወሰደው፤ ከገበያ መሀል። አንድ ጊዜ ብቻ ወደ ሰሜን ግንባር እየሄዱ ነው የሚል ወሬ በሰው ሰማን። ከዚያ ምንም።

እንግዲህ በእኛ አገር ጸጉሩን የሚነጭ ሰው የሞተበት ነው። ሴቷ ሹሩባዋን ፈትታ ትነጫለች፣ ወንዱ ይላጫል። ልጁ ከሄደ በኋላ እኔ ብሶብኝ ነበር። ቅርጫቱም አልበቃኝ አለ። አንድ ጠዋት ደጃፍ ተቀምጬ ስነጭ የጎረቤታችን ባልቴት በአጥሩ ላይ አየችኝ።

«በስመ አብ! አንቺ ሴት፣ ልጅሽ ግንባር እያለ ቤትሽ ውስጥ ጸጉር ይነጫል?»

«ልማዱ ነው፣ እማማ። የዛሬ አይደለም» አለች እህቴ።

«ልማድ? በቁሙ እያለቀሰበት ነው እኮ! ኋላ አልነገሩኝም እንዳትዪ።»

እህቴ እስከዚያ ቀን ድረስ ለእኔ ተከራክራ ትመልስ ነበር። ያን ቀን ዝም ብላ ገባች። ማታ ባሏ እኔ እየሰማሁ፣ «ወይ ያቁም፣ ወይ ከቤቴ ይውጣ። በልጄ አያሟርትም» አላት። እኔ መሄጃ የለኝም። የእሷን ቤት እንጂ የሌላ ሰው ቤት ማደር የማልችል ሰው ነኝ።

በማግሥቱ እትዬ መጥታ ፊት ለፊቴ ሳይሆን ከጎኔ ተቀመጠች። እንዴት እንደሚሻለኝ ታውቃለች።

«አንተ ሟርተኛ ነህ አላልኩም» አለችኝ። «ግን ፈራሁ። ስለ እሱ ብለህ፣ እስኪመለስ ብቻ ጸጉርህን ተውልኝ። ሲመለስ የፈለግከውን አድርግ።»

«እስኪመለስ» አልኳት።

«እስኪመለስ።»

እንዴት እንዳደረግኩት አሁን ቢጠይቁኝ አላውቅም። ማባዘቱን ሳቆም ጣቶቼን በጨርቅ እጠቀልል ነበር። ጨርቁን በጥርሴ ፈትቼ የነጨሁበትም ቀን አለ፤ ያን ቀን አለቀስኩ፣ እንደገና ጠቀለልኩ። እህቴ የበግ ጸጉር ስትሸምት ውላ ታመጣልኛለች፤ «ይሄ ለእሱ የሚሆን ባና ነው፣ ከዘመቻ ሲመጣ ይበርደዋል» አለች። አባዝቼ ስጨርስ ሌላ ታመጣለች። ፈትል ተከመረ። ከእንቅልፌ ስነቃ እጄ ጭንቅላቴ ላይ ይሆናል፣ አወርደዋለሁ። ያሳክካል፣ ያቃጥላል፣ ሰው ሁሉ የሚጮህብኝ ይመስለኛል። ግን ባዶው ቦታ መጀመሪያ እንደ ጫጩት ላባ ሆነ፣ ከዚያ ጠቆረ፣ ከዚያ ሞላ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጸጉሬ ሞላ። እትዬ ስታልፍ በመዳፏ ዳበስ አድርጋኝ ትሄዳለች። ባሏም እንኳ፣ «ሰው መሰልክ» አለኝ።

መርዶ በማለዳ ነው የሚነገረው። ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ደጅ እንጨት እፈልጥ ነበር። ጋቢያቸውን ተከናንበው በሩ ላይ ቆሙ። አንደኛው ሽማግሌ በኦሮምኛ እንዴት አደርክ ሲሉ፣ «አካም ቡልተ» አሉኝ። «ናጋ» አልኩ፣ ደህና ነኝ፣ ሰላም ነው ማለት ነው። አንገታቸውን ደፉ። ያኔ ገባኝ።

እህቴ እየጮኸች ወጣች። ነጠላዋን ጥላ፣ መሬት ወድቃ፣ ተነስታ፣ ድንገት እኔን አየችኝ። ዓይኔን አይደለም። ጸጉሬን ነው ያየችው። ሙሉ ነበር። አንድ ባዶ ቦታ የለበትም። አይታ አይታ፣ ሁለት እጇን የራሷ ጸጉር ውስጥ ከተተች።

ድንኳን ተጣለ። ሬሳ የለም፤ ፎቶው ብቻ ነው። ሴቶቹ እየነጩ አለቀሱ። ጸጉር በየቦታው ወድቆ ነበር፤ የእኔ ያልሆነ ጸጉር። ወንዶቹን የሚላጭ ሰው መጥቶ ተራ በተራ ላጫቸው። የእኔ ተራ ሲደርስ፣

«አልላጭም» አልኩ።

ያቺ በአጥሩ ላይ ያየችኝ ባልቴት ሰማች። «ስሙልኝ! በደህናው ቀን ሲነጭ ኖሮ፣ ዛሬ አንዲት አይነቅልም! ምን ዓይነት አንጀት ነው?»

የእህቴ ባል ራሱን ተላጭቶ ደም ነካክቶታል። ተነስቶ መጣ። «ለልጄ ጸጉርህን ሰሰትክበት?»

«እስኪመለስ ብላኛለች» አልኩት። «አልተመለሰም።»

ያሾፍኩበት መሰለው። እጁን ሲያነሳ ሰዎች ያዙት። እኔ እውነቱን ነው የነገርኩት። ቃሌ ያ ነበር። መንጨት የምፈልግ እንደሆነ ደግሞ እግዚአብሔር ያውቃል፤ ከዚያ ልቅሶ ውስጥ እንደ እኔ የፈለገ አልነበረም። የተጠቀለሉ ጣቶቼን ጨብጬ ነው የዋልኩት። አንጀት የለውም ሲሉኝ ሰማሁ። ሰማሁና ተቀመጥኩ።

ድንኳኑ ከተነሳ በኋላ ሰዉ ሲሄድ እትዬ መጣች። ጸጉሯ ተቆርጦ ሻሽ አስራለች፤ ያኔ ነው ያረጀችው። እንደ ልማዷ ከጎኔ ተቀመጠች።

«እኔ ሞት አልጠራሁበትም፣ እትዬ» አልኳት። «አላለቀስኩበትም። አልነጨሁም።»

የጨርቁን ቋጠሮ ከጣቶቼ ላይ ትፈታ ጀመር።

«በቃህ» አለችኝ። «ከቃልህ ፈትቼሃለሁ።»

«አልተመለሰም እኮ።»

ለቅሶ ላይ ብዙ ነገር ብላለች፣ ይህን ግን አላለችም ነበር። ለእኔ ስትል፣ እኔ ካልተነገረኝ የማይገባኝ ሰው ስለሆንኩ፣ በራሷ አፍ ተናገረችው።

«አይመለስም፣ ወንድሜ። ልጄ አይመለስም።»

እጄ ተነሳ። ነጨሁ። የመጀመሪያዋ ስትወጣ ያ ጸጥታ መጣ፣ ሁለተኛዋ ላይ ግን ጸጥታው ውስጥ እሱ ነበር፤ ባሕር ዛፉ ሥር ዝም ብሎ ቆሞ። ከዚያ ማልቀሴን አየሁ።

እትዬ እያየችኝ፣ «ይሄ ለእሱ ነው ወይስ የድሮው ነው?» አለችኝ።

«አላውቅም።»

«እሺ» አለች። ቅርጫቱን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ፣ የሷ እጅ ሥራ ሲፈልግ አየሁት፣ ከጸጉሩ ቆንጥራ ማባዘት ጀመረች። ግማሹን ለእኔ ገፋችልኝ። አንዴ ከቅርጫቱ፣ አንዴ ከራሴ፣ እንዲያ ሆኜ አብሬያት ዋልኩ። ተው አላለችኝም። ከዚያ ቀን ወዲያ እስክትሞት ድረስ ተው አላለችኝም። ያ ባልቴት ያለችውን አምናው እንደሆነ ግን አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኳትም። ብጠይቃት ዋሽታ የምታጽናናኝ መሰለኝ።

ለእሱ ያልነው ባና በኋላ ተሠራ። እሷ አልለበሰችውም፤ ባሏም ዓይኑን አላሳረፈበትም። ተጣጥፎ ሳጥን ውስጥ ኖሮ፣ ስትሞት ለእኔ ደረሰኝ። እየለበስኩት ነው። ሌሊት እጄ ጫፉን እየፈታ፣ እየጎተተ፣ አሁን ባናው ራሱ ላሽ አውጥቷል። ነርሷ አይታ፣ «አባባ፣ አዲስ ብርድ ልብስ ላምጣልዎት?» አለችኝ።

«ተይው» አልኳት። «የሰው ነው።»