ተጠርጎ የሚመጣ እንጉዳይ

መምህርት ሙሉወርቅ ጊምቢቹ ውስጥ ሃያ ሦስት ዓመት ባዮሎጂ አስተምረዋል። ካስተማሯቸው ነርስ የሆነ አለ፣ መሐንዲስ የሆነ አለ። ጎረቤታቸውን ሰብሌን ግን ስለ ሁለት እንጉዳይ ማስረዳት አቅቷቸዋል።

ነገሩ ይሄ ነው። ክረምት ሲገባ በግጦሹ ዳር ሁለት ዓይነት ነጭ እንጉዳይ ይበቅላል። የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው፤ ቁመታቸውም፣ ቡናማ ቅርፊታቸውም፣ አንገታቸው ላይ ያለው ቀለበትም አንድ ነው። አንዱ ይበላል። ሌላው በሁለት ሰዓት ውስጥ አንጀት ይገለብጣል። የሚለያቸው ከቆቡ ሥር እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደረደረው ነገር ነው፤ የሚበላው ነጭ እንደሆነ ይቆያል፣ የሌላው እየበሰለ ሲሄድ አረንጓዴ ይሆናል።

የሰፈሩ ሴት ደግሞ እንጉዳይ ለጎረቤት የምትሰጠው ጠርጋ ነው። ቅርፊቱን ትልጣለች፣ ከሥር ያለውን በቢላ ትፍቃለች፣ በኮባ ጠቅልላ ትልካለች። ከነአፈሩ መስጠት ነውር ነዋ! መለያው ሁሉ ጓሮ ተጥሎ ይቀራል። ሙሉወርቅ ጥቅሉን በፈቱ ቁጥር ደማቸው ይፈላል፤ አይመልሱት ነገር ቅያሜ ነው፣ አይበሉት ነገር ያስፈራል።

«ሰብሌ፣ ስንቴ ልንገርሽ? አትፋቂው።»

«ቲቸር፣ እናቴም እንዲሁ ነበር የምታደርገው። ማን ሞተ?»

«አምና አክስትሽ ቤት ያ ሁሉ ሰው የታመመው በምን ነበር?»

«እሱማ ቅቤው ነው፤ ቆይቶ ነበር።»

ባላቸው አቶ ሽብሩ «ጸልየን እንበላዋለን» ይላሉ። ሙሉወርቅም አማኝ ናቸው፤ ቢሆንም «ታዲያ ዓይን የሰጠን ለምን ይመስልሃል?» እያሉ ይነጫነጫሉ። አንድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ፈቃድ ጠይቀው፣ ሥዕል ይዘው አስረዱ። ምእመኑ «አሜን» አለ። ማክሰኞ በኮባ የተጠቀለለ መጣ።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ፣ አንድ ረፋድ፣ ሰብሌ ሰፌድ ይዛ ብቅ አለች። እንጉዳዩ ከነአፈሩ፣ ከነቅርፊቱ ተደርድሯል። ሙሉወርቅ እንባቸው መጣ።

«እንዲህ አድርጌ ሳመጣ እንዴት እንዳፈርኩ» አለች ሰብሌ። «ለእርስዎ ስል ነው።»

ሙሉወርቅ አንዱን ገለበጡ፤ አረንጓዴ ነው። ሌላውን ገለበጡ፤ እሱም።

«አየሽ? ይሄ አይበላም። ጎበዝ፣ እንኳን አመጣሽው። ሌላ ለቅመሻል?»

«የእኛን ድርሻማ ጠርጌ ጠበስኩት።»

«የት አለ?»

«ልጆቹ ቁርስ በልተውት ነው የመጣሁት።»