ሳይፈትኑኝ አሳለፉኝ

በ2016 ዓ.ም. ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነበር። የጎልማሶች ትምህርት የገባሁት በዚያ ዓመት ነው፤ የገባሁትም በንዴት ነው። ባምባሲ ያለችው እህቴ ዘንድ ልሄድ አሶሳ መናኸሪያ ብደርስ፣ ረዳቱ እጄን ይዞ አንድ መኪና ውስጥ ከተተኝ። በተቃራኒው መንገድ ሆሞሻ አወረደኝ። ስቆጣ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "ፋዘር፣ ታፔላው ላይ ተጽፏል እኮ።"

ሰፈራችን ባለው ትምህርት ቤት፣ ልጆቹ ከወጡ በኋላ፣ ከአሱር ሰላት ወዲያ፣ ወደ አመሻሹ ላይ እንማር ነበር። መምህርቷ የልጄ እኩያ ናት፤ ቤተሰቧ ባምባሲ የሰፈረ ነው። ጥሩ ልጅ ናት፤ ግን አከበረችኝና አቃጠለችኝ። ሌላው አግዳሚ ላይ ሲቀመጥ ለእኔ መደገፊያ ያለው ወንበር አመጣች። ነፋስ እንዲያገኘኝ ብላ በር አጠገብ አደረገችው። ከዚያ ሆኖ ሰሌዳው ያብለጨልጫል እንጂ ፊደል አይታይም። ብነግራት፣ መሃል ቢገቡ ይታፈናሉ አባባ አለችኝ። ሳነብ ቃል ከያዘኝ እሷ ትጨርስልኛለች። ሌሎቹን ትቆጣለች፣ ታርማለች። እኔን "ጎበዝ አባባ" ብላ ታልፈኛለች። ምኑ ነው ጉብዝናው?

ሰኔ ላይ የመጨረሻው ቀን ደረሰ። እያንዳንዱ ሲጠራ ሰሌዳው ጋ ወጥቶ ያነባል፤ የቻለና ያልቻለ ይለያል። እኔ የወፍጮ ቤት ግድግዳ፣ የሲሚንቶ ከረጢት፣ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ነው የሰነበትኩት። ጎረቤቴ ማንጎ ሻጯ ወጣች። ተሳሳተች፣ መምህርቷ አስደገመቻት። ቀናሁባት። ተራው የእኔ ነው ብዬ ተነሳሁ።

"አባባ ይቀመጡ፣ እርስዎ አልፈዋል" አለች መምህርቷ።

"ምን አንብቤ?"

"እርስዎን ሰሌዳ ፊት ማቆም ነውር ነው።"

ማንጎ ሻጯ ከኋላ፣ "ተዪያቸው፣ ቢወድቁ ማን ያነሳቸዋል?" አለች። ክፍሉ ሳቀ። መምህርቷ ነገ ጠዋት ለእረፍት ወደ ቤተሰቦቿ እንደምትሄድ ነግራን ተበተንን።

ቤቴ ገብቼ እራት አልቀመስኩም። ወላሂ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ሰው አንብቦልኛል። አሁን ደግሞ ማለፉንም ሰው ይለፍልኝ? ማንበብ መቻሌን ማን ያውቃል? እኔ ራሴ አላውቅም። ሌላ ጊዜ ሆሞሻ ቢያወርዱኝ፣ አልፈዋል ተብያለሁ ልበላቸው?

በነጋታው ጠዋት መናኸሪያ ሄድኩ። መምህርቷ ሻንጣዋን ይዛ መኪና ስትጠብቅ አገኘኋት። ጎንበስ ብላ ሰላም ልትለኝ ስትል አላስጨረስኳትም።

"አሁን ፈትኚኝ" አልኳት።

ሰው ያየናል አለች። ይየን አልኳት። ሆሞሻ፣ መንጌ፣ ባምባሲ የሚሉትን ታፔላዎች አነበብኩላት። እነዚህንማ ከበፊትም በስም ያውቋቸዋል አለችና የትኬት ቢሮው ግድግዳ ላይ ያለውን ረጅም ጽሑፍ በጣቷ አሳየችኝ። ጮክ ብዬ አነበብኩ፤ "ያለ ትኬት መሳፈር አይቻልም።"

ፈገግ አለች። ጎበዝ ልትለኝ እንደሆነ ገባኝ። አፈጠጥኩባት።

"መጨረሻው ላይ 'አይቻልም' አይልም" አለች። "እሱን ከራስዎ ነው ያመጡት። ከመጀመሪያው ይድገሙት።"

ረዳቶቹ ዞረው አዩን። ከመጀመሪያው ደገምኩት።