ሳሎን ውስጥ የተፈታው ሞተር

ጎንደር፣ ማለዳ

ጎህ ሲቀድ ከመናኸሪያው ወጣን። ሚኒባሱ ወደ መተማ ነው፤ ጣሪያው ላይ የሽንኩርት ጆንያ፣ ውስጡ ከሚገባው በላይ ሰው። እኔ በካርቶን ተደግፎ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ጠፍጣፋ ነገር ጭኔ ላይ ይዣለሁ። እንዳይታጠፍ አደራ ተብያለሁ። አጎቴ ጋሼ ወርቁ ከካርቱም ደውለው ያዘዙኝ የአሮጌ ፊያት ጓርኒሲዮን ነው፤ ከሞተሩ ራስ ሥር የሚነጠፈው ስስ ሽፋን። እዚያ አጥተውት፣ እኔ መርካቶ ሶማሌ ተራ ስዞር ውዬ አገኘሁላቸው።

ከጎኔ የተቀመጡት እናት ጥቅሉን ደጋግመው አዩት። ካርቱም፣ ካፉሪ የሚባል ሰፈር ሰው ቤት የምትሠራ ልጃቸውን ሊጠይቁ የሚሄዱ ናቸው። “የማን ሥዕል ነው ልጄ?” አሉኝ። መልስ ሳዘጋጅ ጎንበስ ብለው ተሳለሙት። ከዚያ በኋላ እውነቱን መናገር ድፍረት መሰለኝ። ቡራኬ ለጓርኒሲዮንም አይከፋም።

ገላባት፣ እኩለ ቀን

የድንበሩን ድልድይ በእግሬ ተሻግሬ ሱዳን ገባሁ። የጉምሩኩ ሰውዬ ጥቅሉን አስፈታኝና “ዳ ሽኑ?” አለኝ፤ ምንድን ነው ማለቱ ነው። ጋሼ በስልክ ያስጠኑኝን አንዷን ቃል አወጣሁ፦ “መካና።” ሞተር ማለት ነው። ሰውዬው ሞተሩን ፍለጋ ቦርሳዬን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ ጓርኒሲዮኑን ወደ ፀሐይ አንስቶ በአንዱ ክብ ቀዳዳ አጮልቆ ተመለከተኝና ሳቀ። ያላ፣ ሂጂ አለኝ።

ከዚያ ወዲያ አውቶቡስ ነው። ገዳሪፍ ላይ በሰሊጥ ዘይት የታሸ ፉል በላሁ። ሜዳው አያልቅም፤ ዓይን የሚያርፍበት ጉብታ እንኳ የለም። ሙቀቱ በመስኮት ገብቶ ከሰው ጋር ይጋፋል። ካርቱም ስንደርስ መሽቶ ስለነበር ረክሻ ይዤ፣ በሦስት ጎማ እየተንገጫገጭኩ ጋሼ የሚኖሩበት ቡሪ ሰፈር ገባሁ።

ቡሪ፣ ማክሰኞ

ሳሎኑ መሐል የምግብ ጠረጴዛው ላይ ሞተር ተቀምጧል። ፒስተኖቹ በፍላኔል ተጠቅልለው ሶፋው ላይ ተኝተዋል። ብሎኖቹ የእትዬ አልማዝ ሳህኖች ውስጥ በናፍጣ ይታጠባሉ።

“ግቢ፣ ተዋወቂው። ከኔ ይልቅ የሚታቀፈው እሱ ነው” አሉኝ እትዬ አልማዝ።

የጋሼ ሚስት ናቸው። ሁለቱ በደርግ ጊዜ ከሀገር የወጡት ጓርኒሲዮኑ በታዘዘላት በዚችው ፊያት መኪና ነው። ካርቱም ከገባች በኋላ ብዙም ሳትቆይ ሞተሯ ተሰነጠቀ፤ እስካሁን ግቢው ውስጥ ኒም ዛፍ ሥር ቆማለች። ዶሮ ፈልፍሎባታል፣ ልብስ ተሰጥቶባታል። ጋሼ በሹፍርና ሠርተው ጡረታ ሲወጡ ኦምዱርማን የቁርጥራጭ ብረት ሰፈር የሷን ዓይነት አሮጌ ሞተር አገኙና እቤት አምጥተው ፈቱት።

አሁን ግን ጊዜው አጥሯል። አከራያቸው ሐጅ ዑስማን ቤቱን ሸጠውታል፤ ዓርብ መልቀቅ አለባቸው። ቁርጥራጭ ገዢው ፊያቷን ሊወስዳት በር ላይ መመላለስ ጀምሯል። ተጎትታ ትውጣ ሲባሉ ጋሼ አሻፈረኝ አሉ። በራሷ ገብታለች፣ በራሷ ትወጣለች።

ረቡዕ

ሐጅ ዑስማን ጠዋት ጠዋት መቼ ነው የምትለቁት ብለው ለመቆጣት ይመጣሉ። ሁለተኛውን ሻይ ሲጨርሱ እጅጌያቸውን ሰብስበው መፍቻ ይዘዋል። ዛሬም እንደዚያው ሆነ። ያመጣሁትን ጓርኒሲዮን ሁለቱ ሽማግሌዎች እንደ ሕፃን ግራና ቀኝ ይዘው አነጠፉት፤ የሞተሩን ራስ ከላይ ጭነው ተራ በተራ አጠበቁ። እትዬ አልማዝ ወጥ ማውጫ ሳህን ስላጡ ምሳችንን ከድስቱ በላን።

ከምሳ በኋላ ጋሼ እጃቸውን በጋዝ እየታጠቡ፣ ያን ጊዜ ለአልማዝ በዚችው መኪና መልሼ ጎንደር አስገባሻለሁ ብያት ነበር አሉኝ። አሁን የሚሄዱት የዓባይን ድልድይ ተሻግሮ ከካርቱም ማዶ ያለው ባሕሪ ነው፣ ወደ ጠባብ ቤት። ይህን ሲነግሩኝ ዓይናቸውን ከእጃቸው አላነሱም። መጥረጊያ ጨርቅ አቀበልኳቸው።

ሐሙስ

ሞተሩን በሰንሰለት ከዛፉ ላይ አንጠልጥለን ቦታው አስገባነው። ጋሼ ቁልፉን አዞሩ። ሞተሩ አጉረመረመ እንጂ አልነሳም። ደግመው አዞሩ፤ ያው ነው። ሐጅ ዑስማን የካንዴላዎቹ ገመድ ተዛንቋል፣ ሁለቱ ቦታ ይለዋወጡ አሉ። ጋሼ ደግሞ እኔ ይችን መኪና ሳውቃት አንተ ግመል ነበር የምትነዳው አሏቸው። ባትሪው እየደከመ ሄደ።

እስካሁን ደረጃው ላይ ተቀምጠው ሲያሾፉ የነበሩት እትዬ አልማዝ ተነስተው ወደ ባላቸው ቀረቡ። “ያንተን ሞክረሃል። የሱንም ሞክርለት” አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ገመዶቹ ተለዋወጡ። ሞተሩ እንደ ጥይት ጮኸ፤ ዶሮዎቹ ተበተኑ፣ ግቢው በሰማያዊ ጭስ ተሞላ፣ ከዚያም ሥራውን ቀጠለ። ሐጅ ዑስማን ጋሼን አቅፈው አልለቅ አሉ። እትዬ አልማዝ ወደ ማድ ቤት ገቡ። ተከትያቸው ስገባ ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ ይዘዋል፤ ጭሱ ነው አሉኝ። ጋሼ ግን ሲመሽም ሞተሩ ራሱ ሐሳቡን ቀይሮ ነው እንጂ ገመዱ ትክክል ነበር ይሉ ነበር።

ዓርብ

ዕቃው በጭነት መኪና ቀድሞን ሄዷል። እትዬ አልማዝ ሳምንቱን ሙሉ እኔ ከዕቃው ጋር ነው የምሄደው ሲሉ ከርመው፣ ዛሬ የተተኮሰ ቀሚስ ለብሰው ወጡ። ጋሼ ወንበሩ ሰፊ ነው ብለው የኋላውን በር ከፈቱላቸው።

“ስታመጣኝ ከኋላ ወለሉ ላይ ተደብቄ ነበርኩ፣ ብርድ ልብስ ለብሼ” አሉ እትዬ አልማዝ። “ያን ሁሉ መንገድ አንድ ዛፍ አላየሁም። ዛሬ ከፊት ነኝ።”

ጋሼ የኋላውን በር ዘጉ። ዞረው የፊተኛውን በር ከፈቱ። እኔ ከኋላ ከድስቶቹ ጋር ተጣበብኩ።

መንገዱ ባዶ ነው፤ ሰው ሁሉ ለጁምዓ ሶላት እየተዘጋጀ ነው። ዓባይ ድልድይ ላይ ስንወጣ እትዬ አልማዝ ወንዙን ልይበት፣ ቀስ በል አሉ። ከዚህ ወዲያ ቀስ ካልኩ ትቆማለች አሉ ጋሼ። እውነታቸውን ነው፣ አንድ የአህያ ጋሪ ቀድሞናል።

የአዲሱ ቤት መታጠፊያ ደረሰ። የጭነት መኪናው በር ላይ ቆሞ ይታየናል። ጋሼ ሊታጠፉ ፍጥነት ቀነሱ። እትዬ አልማዝ ፊታቸውን ከመስኮቱ ሳያዞሩ “እለፈው፤ ገና አይቼ አልጠገብኩም” አሉ።

አለፉት።