ከሁሉም በላይ ያለው ፎቅ

ባለቀለሟ ሥራዋ ምን እንደሆነ ሰው ሲጠይቃት «በሌላ ሰው መስመር ላይ እሄዳለሁ» ትላለች። ቀልድ ይመስላል እንጂ እውነቷን ነው። የሥዕል ታሪክ መጽሐፍ ብዙ ጊዜ በሁለት ሰው እጅ ነው የሚያልፈው። ሠዓሊው በእርሳስ ይነድፋል። እርሳስ ሲታተም ስለሚደበዝዝ፣ ሌላ ሰው ገጹን ተቀብሎ መስመሩን ሁሉ በብሩሽና በጥቁር ቀለም ያለብሰዋል። ቀለሙ ሲደርቅ እርሳሱ በላጲስ ይፋቃል። አስቡት እንግዲህ! አንባቢ ፊት የሚቀርበው የባለቀለሟ መስመር ነው፤ የሠዓሊው መስመር ከሥሩ ተጠርጎ ሄዷል።

እሷ ከወጣትነቷ ጀምሮ ቀለም ያለበሰችው ለአንድ ሰው ነበር። አንባቢዎቹ «ሽቅብ» ይሉታል፤ ገጾቹ ከታች ወደ ላይ ስለሚነበቡ ነው። ታሪኩ ስለ አንድ ግንባታው ስለማያልቅ ሕንፃ ነው። እያንዳንዱ ገጽ ሕንፃው ራሱ ነው፤ እያንዳንዱ የሥዕል ረድፍ አንድ ፎቅ። አንድ ሊፍት ጠጋኝ መሣሪያውን አንግቦ ከምድር ቤት ተነሥቶ ይወጣል፤ ከሁሉም በላይ ማን እንደሚኖር ለማየት። አንባቢውም አብሮት ይወጣል። መጀመሪያ ላይ «ሰውዬው ገጹን ዘቅዝቆ ነው የሳለው» ብለው ስቀውበት ነበር። ቆይቶ ግን አውቶቡስ ውስጥ አገጩ ቀስ እያለ ሽቅብ የሚነሣ ሰው ካያችሁ፣ የእሱን መጽሐፍ እያነበበ ነው ማለት ነው።

ባለቀለሟ ግን የምትሠራው ከላይ ወደ ታች ነበር። ከታች ብትጀምር እጇ እርጥቡን ቀለም ያጨማልቀዋላ! በዚህ ምክንያት የእያንዳንዱን ገጽ መጨረሻ ከሰው ሁሉ በፊት የምታየው እሷ ነበረች። ሌላም ልማድ ነበራት። ሽቅብ ሲስል ወረቀቱን በግራ እጁ ከአናቱ ጨብጦ ስለሚይዝ፣ የገጹ አናት ሁልጊዜ በእርሳስ ብናኝ ተለቅልቆ ይመጣል። ስለዚህ ብሩሿን ከመንከሯ በፊት አናቱን በለስላሳ ላጲስ ታጸዳለች። መስመሮቹ ደማቅ ስለነበሩ በመካከላቸው እየዞረች እድፉን ብቻ ታነሣለች። ይህን ስታደርግ እጇ እንጂ ልቧ አይሠራም፤ ሰው ሲገባ ጫማውን እንደሚጠርገው።

ሽቅብ በሞተ ማግስት አሳታሚው የመጨረሻውን ገጽ በካርቶን ይዞ መጣ። ዓይኑ ቀልቷል። «ይህችን ብቻ ነው የተወልን» ብሎ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠላትና እየተቻኮለ ወጣ። እሷም እያለቀሰች ተቀመጠች። ታችኞቹ ፎቆች ተስለዋል፤ አናቱ ላይ ግን እንደተለመደው ግራጫ እድፍ እንጂ ሌላ አልታያት። ሳይጨርሰው ሄደ አለች በሆዷ። ላጲሷን አነሣች፣ አናቱን ጠረገች፣ ብናኙን እፍ አለች። ከዚያ ወደ ታች ወርዳ ቀለም አለበሰች።

ማታ ለቅሶ ደረሰች። የሽቅብ ሚስት አጠገቧ አስቀመጠቻት።

«አይዞዎት እትዬ። ጋሼ ሳይጨርሰው መሄዱ ነው እንጂ የሚቆጨው…»

«ምኑን ነው ያልጨረሰው? ጨርሶታል እኮ!» አለች ሚስትየው። «እጁ እየተንቀጠቀጠ፣ እኔ በትራስ ደግፌው። እርሳሱን መጫን እንኳ አቅቶት ነበር።»

ባለቀለሟ ወደ እሷ ዞረች። «ምን ሳለ? አዩት?»

«እኔን ሊያሳየኝ? ‹መጀመሪያ የምታየው እሷ ናት› ብሎ ሸፈነብኝ። አንቺው ንገሪኝ እንጂ!»

«እትዬ… እድፍ መስሎኝ ፋቅሁት።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

«በይ ሂጂልኝ። ዛሬ ፊትሽን ማየት አልችልም።»

ባለቀለሟ ቤቷ ሄዳ ገጹን መብራት ሥር አጋድማ አየችው። በአጉሊ መነጽር ፈለገች፣ በጣቷ ዳበሰች። ጤነኛ እጅ ቢሆን ኖሮ እርሳሱ ወረቀቱን ያጎደጉደው ነበር። የታመመ እጅ ግን በወረቀት ላይ እንደ ትንፋሽ ነው የሚያልፈው። ምንም አልነበረም።

አሳታሚው ሲሰማ ጭንቅላቱን ያዘ። ቀጥሎ ግን መላ የመጣለት መሰለው።

«አንቺ ሳይዋ! እጁን ከአንቺ በላይ ማን ያውቀዋል?»

«እጁን አውቃለሁ። ያሰበውን ግን በምን ልወቅ?»

«እንግዲያው ባዶውን እናትመዋለን።»

«ባለቀለሟ ፋቀችው ብለህ ጻፍበት።»

«አብደሻል እንዴ እህቴ? የሰውን ልብ ልትሰብሪ ነው?»

ገጹ ባዶ አናቱን ይዞ ታተመ። ሰው አነበበው፣ አለቀሰበትም። ሊፍት ጠጋኙ የመጨረሻውን ደረጃ ወጥቶ ሲያበቃ ነጭ ወረቀት ብቻ! «እንዴት ያለ ሐሳብ ነው» ተባለ። ብዙም ሳይቆይ ወጣት ሠዓሊዎች ሁሉ የገጻቸውን አናት ባዶ መተው ጀመሩ። ባዶው ፎቅ በየግድግዳው ተሳለ፣ በየቲሸርቱ ታተመ። ባለቀለሟ መንገድ ላይ ባየችው ቁጥር ፊቷን ታዞራለች። ሽቅብ ተረሳ ብላ አይደለም የምትጨነቀው፤ ባልተናገረው ነገር መታወሱ ነው እንቅልፍ የሚነሳት።

በመታሰቢያው ዐውደ ርእይ ላይ ጉዳዩን ተነሥታ ተናገረች። «ባዶ አልነበረም። እኔ ነኝ በላጲስ ያጠፋሁት።» አዳራሹ አጨበጨበላት! «ትሕትናዋን አያችሁ?» አለ አንዱ። ያን ጊዜ ከኋላ የሽቅብ ሚስት ብድግ አለች። ከዚያ ከለቅሶው ወዲህ አልተነጋገሩም ነበር። «እውነቷን ነው» አለች። ሰዎቹ «ምስኪን፣ ሐዘኑ ገና አለቀቃትም» ብለው ደግፈው አስቀመጧት። ሲወጡ ሁለቱ ሴቶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ወጡ።

አንድ ቀን «ድንቢጥ» የሚሏት ወሬ የማያልቅባት ሠዓሊ የመጀመሪያ መጽሐፏን ገጾች ይዛ መጣች። ባለቀለሟ እያገላበጠች አደነቀች። ከመጨረሻው ገጽ ስትደርስ እጇ ቆመ።

«ላዩን ረስተሽዋል።»

«ኧረ አልረሳሁም! ለእሳቸው መታሰቢያ ነው።»

«እሱ ባዶ አልተወም፤ ስንቴ ልናገር?»

«ውይ እትዬ፣ ደግሞ ጀመሩ! እሺ ምን ነበረበት?»

«አላውቅም። ማንም አያውቅም። በስንት ጣር የሳለውን እኔ ጠረግሁት፤ እናንተ ደግሞ ጠረጋዬን ትቀዳላችሁ። እንዲህ ሆኖ ቀለም አላለብሰውም።»

«ሌላ ባለቀለም አላጣም!»

«አታጪም። ውሰጂው።»

ድንቢጥ ገጾቿን ሰብስባ በሩ ድረስ ሄደች። መያዣውን ጨብጣ ቆመች። ስትናገር ድምፅዋ ወርዶ ነበር።

«እውነቱን ልንገርዎት? የመጽሐፌ ሰውዬ እላይ ሲደርስ ምን እንደሚያይ አላሰብኩበትም። ባዶ ስተወው ሁሉም ሰው ‹ገብቶኛል› ይለኛል።»

«እኔ ግን አልገባኝም» አለች ባለቀለሟ። «ምን ያያል?»

ድንቢጥ የበሩን መያዣ ለቀቀች። ከዚያ ተመልሳ ከጠረጴዛው ጫፍ ተቀመጠችና እርሳስ አወጣች። አንድ ጊዜ ጀምራ ተወችው፣ ግንባሯን አሸች፣ እንደገና ጀመረች።

ባለቀለሟ ሳትጨርስ እንዳታይባት ጀርባዋን ሰጥታት ወደ ቧንቧው ሄደች፤ ንጹሑን ብሩሽም እንደ አዲስ ታጥበው ጀመር።